ስሙ የማይነገር ከሳሽ

ኃይለየሱስ የሰው ነገር እንደዚያ ዓመት ቀፍፎት አያውቅም።

ሳን ሆዜ ያለችው ትንሿ የአማርኛ የወንጌላውያን ጉባኤ እሑድ ከሰዓት የምትሰበሰበው ከፈረንጆች በተከራየችው አዳራሽ ነበር። እሱ በአዘቦት ቀን ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ይሠራል፤ ሐሙስ የጸሎት ቡድን ይመራል፤ ቅዳሜ ለወጣቶቹ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ያስተምራል። ሰው ሁሉ ሆዱን የሚከፍተው ለእሱ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሥራ ይዟቸው የቀሩትን ሳይቀር አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራ፣ እንባው እየወረደ ሲጸልይ ለመስማት ከኦክላንድ ድረስ የሚነዱ ነበሩ። ሽማግሌዎቹም አይቀሩም።

በዚያ ሰሞን የሚያስተምረው ስለ ስፔን ነበር። አውሮፓ በተሐድሶው ስትታመስ፣ የስፔን ነገሥታት በአንድ እጃቸው አሜሪካን እየያዙ በሌላው አገራቸውን “ከመናፍቅ” ያጠሩ ነበር።

“ተጠምቀሃል፣ ክርስቲያን ነህ። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከጭስ ማውጫህ ጭስ ካልወጣ ‘ይሁዲነቱን አልተወም’ ተብለህ ኢንኩዊዚሽን በሚሉት የሃይማኖት ፍርድ ቤት ትያዛለህ። ማን እንደከሰሰህ ግን አይነገርህም” አላቸው። “ያንኑ በመርከብ ጭነው እዚህ ድረስ አመጡት። ኢየሱሳውያን ካህናታቸው እኛም አገር መጥተው፣ በሱስንዮስ ጊዜ ስንት ደም እንደፈሰሰ ታውቃላችሁ።”

እዚሁ የተወለደችው ሐኒ እጇን አውጥታ፣ “የሚናገርባቸው ማን ነበር?” አለች በእንግሊዝኛ።

“የቅርብ ሰው ነዋ! ለዚህ ሥራ የተመለመሉትን ‘ቤተኞች’ ነበር የሚሏቸው። እኔ ከዳኞቹ ይልቅ የሚያስጠሉኝ እነሱ ናቸው።”

ይህን ባለ በማግሥቱ ካሳነሽ ጉባኤው ፊት ቆመች።

ጥፋቷ ጠበል መጠጣት ነው። ጨጓራዋ ሲያስቸግራት እናቷ በሰው የላኩላትን ጠበል ማታ ማታ ፉት ብላለች። የጉባኤው ዋና ሽማግሌ ጋሽ አሳምነው ማይክሮፎን ይዘው፣ “አሮጌውን ነገር ትተሻል ወይስ አልተውሽም?” አሏት። ያቺ ስንት ልጅ ያሳደገች ሴትዮ በልጆቿ ፊት አለቀሰች። ከኅብረቱም ለጊዜው ታገደች።

ቀጥሎ ክብሮም። እናቱን ለማስደሰት ብሎ ልጁን ኦክላንድ ወስዶ ክርስትና አስነሥቷል። እሱም ቆመ፣ እሱም ታገደ።

ኃይለየሱስ ሁለቱንም ሲያጽናና የከረመ ነውና አንጀቱ አረረ። ጋሽ አሳምነው ከስብሰባው በኋላ እጃቸውን ሲዘረጉለት ጨበጣቸውና ቀጥታ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሳሙና ታጠበ። ከሳቸው የባሰ የዘገነነው ግን ወሬውን የሚያቀብላቸው ሰው ነበር። ከጉባኤው መካከል፣ እየሳመ፣ እያቀፈ፣ “ወንድሜ፣ እህቴ” እያለ የሚሸጥ ሰው አለ። 

ሙሉመቤት ወደ እሱ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። ዲቪ ደርሷት ከገባች ዓመት አልሞላትም፤ ጉባኤው ለአዲስ መጪዎች ካምቤል ከተማ በተከራየው አፓርትመንት ትኖራለች። ፓርኪንጉ ውስጥ ጠብቃ ያዘችው።

“ጋሼ፣ አንድ ነገር ላዋይዎት። ኮንፊደንሻል ይሁንልኝ።”

ከሸሚዟ ሥር ጥቁር ማተብ መዘዝ አድርጋ አሳየችው።

“ስመጣ እማዬ ያሰረችልኝ ነው። ስትሞት እንኳ አልደረስኩም። ጌታን አምኛለሁ፤ ይሄን መቁረጥ ግን አቃተኝ። ከሰሙ ካገዱኝ ከአፓርትመንቱም መውጣቴ ነው። የት እገባለሁ?”

“ለሰው ትንፍሽ አልልም” አላት፤ እንባውም መጣ። “ይሄ በአንቺ፣ በእኔና በጌታ መካከል ነው።”

ከዚያን ቀን ጀምሮ ንጉሤን አጥብቆ ያይ ጀመር። ንጉሤ ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር የሚጎትት ሹፌር ነው፤ በዕረፍት ቀኑ መኪና ለሌለው ሁሉ ራይድ ይሰጣል። ካሳነሽን ወደ ክሊኒክ ያደረሳት እሱ ነው። ክብሮምን ከነልጁ ኦክላንድ የወሰደው እሱ ነው። ቅዳሜ ዕለት ኃይለየሱስ ከፊት ተቀምጦ ሲሄዱ፣ ንጉሤ በመስተዋቱ የሙሉመቤትን አንገት ሲያይ ያዘው።

“ሙሉዬ፣ በዚህ ሙቀት ሻርፕ ምን ይሠራል?” አላት ንጉሤ።

“ብርድ ይዞኝ ነው” አለች፤ ሻርፑንም ጠበቅ አደረገች።

ኃይለየሱስ መስኮቱን ከፈተ። ከሰውየው ጋር አንድ አየር መተንፈስ አስጠላው።

ጭንቀቷን ከላዩ ማራገፍ አልቻለም። ሐሙስ ዕለት እሷ የማታ ሥራ ገብታ ነበር፤ ተንበርክኮ ድምፁ እስኪዘጋ ጸለየላት። አርብ ዕለት ግን እያለቀሰች ደወለችለት። ጋሽ አሳምነው እሑድ ጉባኤው ፊት እንድትቆም ኮል አድርገው ነግረዋታል።

ኃይለየሱስ ቅዳሜ ንጉሤን በተማሪዎቹ ፊት ኮሌታውን ያዘው።

“ቤተኛ! የሰው ምስጢር እየሸጥክ የምትበላ ውሻ!”

“እኔ? ምንድን ነው የምታወራው? ስለ ማን?”

ኃይለየሱስ እግሩ ሥር ተፋበት። ንጉሤ ጫማውን አየ፣ ተማሪዎቹን አየ፣ ከዚያም ወጣ። እሑድ አልመጣም። አለመምጣቱ ለኃይለየሱስ በቂ ማስረጃ ነበር።

እሑድ ሙሉመቤት ሻርፗን አውልቃ ቆመች። ማተቡ ይታያል። ሻንጣዋን ከወዲሁ አዘጋጅታ ከበሩ አጠገብ አኑራዋለች። ጋሽ አሳምነው ማይክሮፎኑን ሲያነሡ ኃይለየሱስ ከመቀመጫው ተነሣ።

“መጀመሪያ ከሳሿ ይጠራ!” ብሎ ጮኸ። “እዚህ ስፔን አይደለም! ይህን የነገረዎት ሰው ስሙ ይነገር፣ ወጥቶ ፊት ለፊት ይያት!”

 ጋሽ አሳምነው ግራ ተጋብተው ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረጉ።

“ወንድም ኃይለየሱስ፣ ሐሙስ ዕለት ‘ጌታ ሆይ፣ የሙሉመቤትን ማተብ አንተው በጥስላት’ እያልክ ስትጸልይ፣ ሁላችንም አሜን አላልንም እንዴ?”