ባሕሩ እስኪመለስ

መርከቧ ታንክ ጭና ስምንት ጊዜ ከእንግሊዝ ወደ ኖርማንዲ ሄዳለች፤ ስምንት ጊዜም ተመልሳለች። የአገልግሎት መዝገቧ የእያንዳንዱን ጉዞ መነሻና መመለሻ ሰዓት በጥሩ የእጅ ጽሑፍ አስፍሯል። ይህ ዘጠነኛው ጉዞ ነበር።

ማለዳ ባሕሩ ሞልቶ ሳለ አፍንጫዋን አሸዋው ላይ አሳረፈች። ከማረፏ በፊት የኋላ መልህቋን ጣለች። ስትመለስ የመልህቁን ገመድ እየጠቀለለች ነው ራሷን ወደ ጥልቁ የምትስበው። ነፋሱ ግን ጅራቷን ወደ ምሥራቅ ስለገፋው ገመዱ ወደ ምዕራብ ተንጋዶ ቀረ።

ከዚያ ባሕሩ ሸሸ። መርከቧ ደረቅ አሸዋ ላይ እንደ ቤት ቆመች። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ወዴትም መንቀሳቀስ አትችልም።

መሃንዲሶች ከመርከቧ አፍ እስከ መንገዱ ያለውን አሸዋ ፈትሸው በነጭ ጥብጣብ ከልለውት ስለነበር ታንኮቹ በሰላም ወጡ። በእነሱ ቦታ መቶ አርባ ሦስት ቁስለኞች በቃሬዛ ገቡ። አዛዡ ሃርግሪቭ እነዚህን ሰዎች እስከ ማታ እንግሊዝ ማድረስ ነበረበት።

አዛዡን ያስጨነቀው ከሁለት ቀን በፊት የተሰማ ወሬ ነው። ከጎን ባለው ባሕር ዳርቻ እንዲሁ ውሃ የሸሻት መርከብ ከኮረብታው ጀርባ በተተኮሰ መድፍ ተመትታለች። የመጀመሪያው ጥይት ሳታት፤ ሁለተኛው መሃሏን አገኘው። ከየብስ ሆኖ ምልክት ያደረገላቸው ሰው አለ ተብሏል።

ረፋዱ ላይ አንድ ሽማግሌ ከመንደሩ ብቅ አለ። የጀርመን ወታደር ቦት ጫማ አድርጓል፤ ብብቱ ሥር የቀጫጭን እንጨት እስር ይዟል። ነጩን ጥብጣብ አልፎ ከመርከቧ ኋላ በምዕራብ በኩል ቆመ። የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ቤት አየ፤ ዞር ብሎ ኮረብታው ላይ ያለውን ቀይ ጣሪያ አየ። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄደ። እንደገና አየና አንድ እንጨት ተከለ።

የመርከበኞቹ አለቃ ዱገን ለአዛዡ አሳየው።

«ጌታዬ፣ ይሄ ሰውዬ ደወል ቤቱ ላይ ምን አጥቶ ነው?»

«ሰዓት እያየ ይሆናላ።»

«ደወል ቤቱ እኮ ሰዓት የለውም።»

አዛዡ የሩቅ ማያ መነጽሩን አነሳ። ሽማግሌው አራተኛውን እየተከለ ነበር።

ሥራ የፈቱ መርከበኞች ከመርከቧ ጥላ ሥር ኳስ ይጫወቱ ነበር። ኳሱ ወደ እንጨቶቹ ተንከባለለ። ፒኬት የሚባለው መርከበኛ ሊያመጣው ሲሮጥ ሽማግሌው ሸሚዙን ጨምድዶ ያዘውና እየጮኸ ወደ ኋላ ጎተተው።

«አባባ፣ ቀስ፤ የወዳጅነት ጨዋታ ነው» አለ ፒኬት። ጓደኞቹ ዳኛ መጣልን እያሉ ሳቁ። ሽማግሌው አልሳቀም። ኳሱን ራሱ ሄዶ አመጣው፤ ሲሄድም ሲመለስም የራሱን ዱካ እየረገጠ።

አሥራ አንደኛውን እንጨት ሲተክል ያዙት። ኪሱ ሲፈተሽ የጀርመን ትምባሆ ቆርቆሮና አሥራ አንድ ነጥብ የተነጠበበት ወረቀት ተገኘ። መርከቧ ላይ ፈረንሳይኛ እችላለሁ የሚለው ወጥ ቤቱ ብቻ ነበር፤ እሱም የሚችለው ዋጋ መጠየቅ ነው። ሰውዬው በጣም ይፈጥናል ብሎ ተወው። ሽማግሌው በጣቱ የመርከቧን ጅራት አሳየ፤ ከዚያም ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ወረወረ።

«ይኸው፣ ምን እንደሚያወርዱብን እየነገረን ነው» አለ ዱገን። «ደፋር ነው።»

አዛዡ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ታችኛው ወለል ላይ የተኙትን እያሰበ ነበር።

«ይታሰር፤ እንግሊዝ ስንደርስ ይጠይቁታል። እንጨቶቹን ንቀሉ። አንድም እንዳይቀር።»

ፒኬት እየዞረ ነቀለ። ሽማግሌው ይህን ሲያይ ተንበርክኮ የአዛዡን እግር ያዘ፤ በሁለት ሰው ነው ያስለቀቁት። ዱገን ሰላይ ሁሉ ሲያዝ እንዲህ ነው አለ። ወጥ ቤቱ እንጨቶቹን ምድጃው ውስጥ ጨምሮ ለቁስለኞቹ ሻይ አፈላበት።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ጆሮውን ወደ ኮረብታው አቅንቶ ጠበቀ። ሰባት ሰዓት ሆነ። ስምንት ሆነ። አንድ ሰው ማንኪያ ሲጥል ሁሉም ደነገጡ። መድፍ አልተተኮሰም። ውሃው እየተመለሰ መጣ፤ አሸዋውን ከነዱካው ሸፈነው።

ዱገን የጠላትን ዓይን አጥፍተናል እያለ ለሚሰማው ሁሉ ያወራ ነበር። አዛዡም ቢሆን ቀኑን ሙሉ ያላወለቀውን የብረት ቆብ አወለቀ። መዝገቡ ላይ «አንድ ተጠርጣሪ ተያዘ» ብሎ ጻፈ፤ የመነሻውን ሰዓት የሚጽፍበትን ቦታ ባዶ ተወና ወደ ላይ ወጣ።

አሥር ሰዓት ላይ የኋላው ሞተር ገመዱን መጠቅለል ጀመረ። መርከቧ ተንቀጠቀጠች። ጅራቷ ከአሸዋው ተላቆ ቀስ እያለ ወደ ምዕራብ መዞር ያዘ።

ታች፣ ሽማግሌው ከቃሬዛዎቹ መሃል ብረት ላይ ታስሮ ተቀምጧል። ፒኬት ይጠብቀዋል። ሽማግሌው ድምፁ ዘግቶ ያንኑ ነገር ይደጋግማል። አጠገቡ የተኛው ኮርፖራል ሬኑፍ የጀርዚ ደሴት ሰው ነው፤ ፈረንሳይኛ ከእናቱ ጋር የሚያወራበት ቋንቋ ነው። ከጠዋት ጀምሮ በሞርፊን ተኝቶ አሁን ዓይኑን ገለጠ።

«ይሄን ሰውዬ ለምን አሰራችሁት?»

ፒኬት ስለ እንጨቶቹ ነገረው፤ እንዴት እንደነቀላቸውም። ኮርፖራሉ ወደ ሽማግሌው ዞሮ አንድ ነገር ጠየቀ። መልሱ አጭር ነበር። ሬኑፍ በክርኑ ተደግፎ ተነሳና የፒኬትን ሱሪ ያዘ።

«ጀርመኖቹ ጉድጓዱን ያስቆፈሩት እሱን ነው፤ በእያንዳንዱ እንጨት ሥር ታንክ የሚያፈነዳ ፈንጂ አለ።»