ሁለቱ ብልቃጦች

ሚስተር ሃስኪንስ የወረቀት ከረጢታቸውን ገልብጠው አሥራ አራት የመድኃኒት ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረግፉ፣ ነርሷ ዳርሊን ጫማዋን ከጠረጴዛው ሥር አውልቃ እግሯን እያሳረፈች ነበር። ሕመምተኞችን ቤት ለቤት ስትጎበኝ ይህ ለዛሬ ስድስተኛ ቤቷ ነው። የሽማግሌው ክንድ በልዟል። ከብልቃጦቹ ሁለቱን አንስታ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

«ስማቸው ይለያይ እንጂ ሁለቱም ያው ደም ማቅጠኛ ናቸው። አንዱን የልብ ሐኪምዎ፣ አንዱን ደግሞ ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ነው ያዘዙልዎት። ሁለቱንም ነው የሚውጡት?»

«ታዘዘ፣ ዋጥኩ። እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ?»

«እግዜር ነው ያተረፈዎት! ክንድዎ የበለዘውም ለዚህ ነው።» የልብ ሐኪሙ ጋ ደውላ አረጋገጠችና አንደኛውን ብልቃጥ ለብቻው አደረገችው። «ከእንግዲህ በሜዲኬር፣ በአረጋውያን የጤና መድንዎ፣ የሚያክሙዎት ሐኪሞች ሁሉ አንድ ቡድን ናቸው። መዝገብዎም አንድ ነው፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ያየዋል። በየክሊኒኩ ያንኑ ጥያቄ መመለስ ቀረልዎት።»

ደስ ይላቸዋል ብላ ነበር። እሳቸው ግን ብልቃጡ የነበረበትን ባዶ ቦታ በጣታቸው ይዳብሱ ጀመር።

«‹እንዴት ነዎት? የት ጋ ነው የሚያምዎት?› ይሉኝ ነበር» አሉ። «ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ከነሱ ሌላ የሚጠይቀኝ የለም። አሁን ከመዝገቡ ሊያነቡት ነው።»

ዳርሊን ሰዓቷን አየች። ሰባተኛው ቤት ይጠብቃታል። አንድ እግሯን ያስገባችበትን ጫማ መልሳ አወለቀችና ፊቷ ተከፍቶ የነበረውን መዝገብ ዘጋችው።

«እስቲ ይንገሩኝ፤ የት ጋ ነው የሚያምዎት?»

ሽማግሌው ወንበራቸውን ወደ እሷ ሳብ አደረጉ።

«ዛሬ እንኳ ምንም አይለኝም» አሉ።