የሰዓት ሠሪው ሾርባ

ሰዓት ሠሪው ሚስቱ አልጋ ላይ ከዋለች ወዲህ ሱቁን ዘግቶ ወጥ ቤት ገባ። ስትሮክ አንደበቷንና ቀኝ ጎኗን ወስዶባታል። ሐኪሙ ግን «መዋጥ አላቃታትም፤ ደህና አድርገህ አብላት» ብሎታል።

ሴትየዋ ዕድሜዋን በሆቴል ወጥ ቤት የጨረሰች ነች። ከሁሉ በላይ ስሟ የሚነሣው በዶሮ ራመን ነበር፤ ከአጥንት መረቅ፣ በእጅ ከተቆረጠ ኑድልና ለስለስ ብሎ ከተቀቀለ እንቁላል የሚሠራ ሾርባ ነው። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ባሏን ምድጃ አስነክታው አታውቅም። እንግዳ ፊት እንኳ «እሱን ውኃ አፍላ ብትሉት ያሳርረዋል» ትል ነበር። እንግዳው ይስቃል፤ እሱም አብሮ ይስቃል።

አሁን ራመኑን በየቀኑ የሚሠራው እሱ ነው።

ሰፈሩ ባል ከተባለ እንዲህ ነው ይል ጀመር። ከታች ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊ ብቻ ነገሩ አልተዋጠላትም። አንድ ቀን የታማሚዋን ፀጉር ልታጥብ ገብታ ትከሻዋን ብትይዘው አጥንት ብቻ ሆኖ አገኘችው። ለታማሚዋ ታላቅ እህት ደወለች።

«እህትሽ ከቀን ወደ ቀን እያለቀች ነው» አለቻት። «ሰው ማማት አልወድም። ግን ያ ሾርባ ውስጥ ምን እንደሚገባ መጥተሽ በዓይንሽ እዪ።»

እህትየዋ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት፤ ሰውን በቀላሉ አታምንም። በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ ከች አለች።

ሰዓት ሠሪው በሩን ከፍቶ ጎንበስ ብሎ ሳማት። «እንኳን መጡ እትዬ። በጣም ናፍቀዋታል።»

«አንተን ግን ደልቶሃል» አለችው፣ የሸሚዙ ቁልፍ ሆዱ ላይ መወጠሩን አይታ።

«ሐሳብ ነው፣ እትዬ። አንዳንዱን ያከሳል፤ እኔን ያወፍረኛል።»

ታማሚዋ እህቷን ስታይ ዓይኗ እንባ ሞላ። ጉንጮቿ ወደ ውስጥ ገብተዋል፤ የእጇ አንጓ የሕፃን አህሏል። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ድምፅ ግን ቃል አልሆነም።

«ያ ሁሉ ምግብ የት እንደሚገባ እንጃ» አለ ባልየው ከበስተኋላ።

እህትየዋ ወጥ ቤቱ ውስጥ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ዓይኗን ከእጁ ላይ አልነቀለችም። የዶሮውን አጥንት፣ ክንፍና እግር አጥቦ በቀዝቃዛ ውኃ ጣደ። አረፋውን ገፈፈ፤ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ጨምሮ እሳቱን ቀነሰ። ጥቃቅን የሰዓት ጥርስ ሲነካካ የኖረ እጅ ነውና አይቸኩልም፣ አያንጠባጥብም። ሊጡን ሊያቦካ ሲል ግን ከመደርደሪያው አናት ምንም ያልተጻፈበት ብልቃጥ አወረደ። ከውስጡ በማንኪያ ጫፍ ነጭ ዱቄት ቆንጠር አድርጎ ጨመረ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ቤኪንግ ሶዳ። ኑድሉ እንዳይልም የሚያደርገው እሱ ነው። ይቅመሱት።»

ጣቷን ነክራ ቀመሰች። ቤኪንግ ሶዳ ነው።

ኑድሉን ቀቅሎ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አደረገና መረቁን አፈሰሰበት። ሥጋውን፣ ለሁለት የተከፈለውን እንቁላልና የሽንኩርት ቅጠሉን ከላይ ደረደረ። ትሪውን አንሥቶ መኝታ ክፍል ገባ፤ በሩንም ዘጋ።

ሲወጣ «በር መዝጋቱ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«ሰው ሲያያት ታፍራለች። ከአፏ ያመልጣታል።»

ሳህኑ የተላሰ ይመስል ነበር። እህትየዋ ተቀብላ አሸተተችው፤ ከዶሮ ሽታ በቀር የለበትም። ማታ ድስቱ ውስጥ የተረፈውን ራሷ በላችው፤ ምንም ሳትሆን አደረች። እሱ «የምግብ ፍላጎት የለኝም» ብሎ በጊዜ ተኝቷል።

በማግስቱ ትሪው ሲዘጋጅ ተነሣች። «ዛሬ የማበላት እኔ ነኝ።»

ያቅማማል ብላ ነበር። እሱ ግን ወዲያው አቀበላት። «እግዜር ይስጥልኝ። እኔም ትንሽ አረፍ እላለሁ።»

ታማሚዋ ማንኪያውን ስታይ አንገቷን አሰገገች። የመጀመሪያውን ሳታላምጥ ዋጠችው። ሁለተኛው እስኪደርስ አልታገሠችም፤ በግራ እጇ የእህቷን አንጓ ይዛ ወደ አፏ ጎተተች። መረቁ ከእንባዋ ጋር በአገጯ ወረደ።

«ቀስ በይ እንጂ የእናቴ ልጅ» አለቻት እህትየዋ፣ አፏን እየጠረገች። «ማን ይቀማሻል?»

ከሰዓቱን ሙሉ አጠገቧ ቁጭ ብላ ትንፋሿን አዳመጠች፣ ሆዷን ዳሰሰች፣ ማስመለስ ይመጣ እንደሆነ ጠበቀች። ታማሚዋ የሰላም እንቅልፍ ወሰዳት። ፊቷ ላይ እንዲያውም ትንሽ ደም ተመለሰ።

እህትየዋ ሳሎን ወጥታ ከሰዓት ሠሪው ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ። ክፉ ነገር አስቤብህ ነው የመጣሁት።»

«ገብቶኝ ነበር፣ እትዬ። እህት ነዎት፤ አይፈረድብዎትም።»

«እኔ እንዲህ ብወድቅ ማን ያነሣኛል?» አለችና መሐረቧን ፈለገች።

ጠዋት ልትሰናበት ወደ አልጋው ጎንበስ ስትል ታማሚዋ የእህቷን ቀሚስ ጨምድዳ ያዘች። አለቅም አለች። ሰዓት ሠሪው መጥቶ ጣቶቿን አንድ በአንድ በቀስታ አላቀቀ።

«እንዴት እንደምትወድዎት ያያሉ?» አለ።

እህትየዋ ደረጃው ላይ ልብስ ሰፊዋን አገኘቻት። ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ «ሁለተኛ በዚህ ሰው ላይ አፍሽን እንዳትከፍቺ» ብላት ወረደች።

ሰዓት ሠሪው አውቶቡሱ እስኪሄድ በመስኮት እያየ እጁን ሲያውለበልብ ቆየ። ከዚያ አጥንቱን ጣደ።

ቀትር ላይ እንፋሎቱ የሚጨስ ሳህን ይዞ መኝታ ክፍል ገባና በሩን ዘጋ፤ ወንበሩን አልጋው ድረስ አስጠጋና እንደ ወትሮው ዓይን ዓይኗን እያየ፣ ቀስ ብሎ እያጣጣመ፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ በላው።