ዶሮ ስንት ድምፅ አለው?

የሁለተኛ ክፍሉ መምህር ሰሌዳው ላይ «ዶሮ» ብለው ጻፉና ቃሉ ስንት ድምፅ እንዳለው ጠየቁ። ክፍሉ በአንድ አፍ «ሁለት» አለ። ዘሃራ ብቻ «አራት» አለች። መምህሩ ሁለቱን ፊደሎች በጠመኔ እየነኩ፣ «እስቲ አራቱን አሳዪኝ» አሏት። ልጆቹ ሳቁባት፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። «ሁለት» እስክትል ድረስም ከፊት አቆሟት።

በሳምንቱ መምህሩ ለሥልጠና ተጠሩ። አሠልጣኟ፣ «ፊደልና ድምፅ አንድ አይደሉም፤ አንድ ፊደል ሁለት ድምፅ ሊይዝ ይችላል» ስትል፣ መምህሩ ለራሳቸው ቀስ ብለው ሞከሩት። ድ፣ ኦ፣ ር፣ ኦ። ፊታቸው እስከ ጆሯቸው ድረስ ጋለ። የቀረውን ሥልጠና አንገታቸውን ደፍተው ጨረሱ።

ሰኞ ጠዋት ተማሪዎቻቸው ፊት ቆሙ። «ያን ቀን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ዘሃራ ልክ ነበረች። ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ። ማንም አልሳቀም። «በይ አሁን አንቺው ንገሪያቸው፤ ዶሮ ስንት ድምፅ አለው?»

ዘሃራ ተነሣች። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጠረችና አራት ጣቶቿን አወጣች። ከዚያ ቀና ብላ የመምህሩን ፊት አየችና ሁለቱን መልሳ አጠፈች።