ከቅዳሜ ቅዳሜ

የሴትዮዋ መንደር መብራት የለውም። ስልኳን ቻርጅ የምታደርገው ቅዳሜ ለገበያ ከተማ ስትወርድ ብቻ ነው፤ ባትሪው ግን ሰኞን አያልፍም። ልጇ ሽባባው ደግሞ ባሕር ተሻግሮ ሥራ ሊፈልግ ከቤት ከወጣ ወር ሊሞላው ነው።

«ከቅዳሜ ቅዳሜ አድርስልኝ ልጄ፤ ሲደውል ጠፍቶ እንዳያገኘው» ብላ ስልክ ጠጋኙን አንዳርጌን ለመነችው።

አንዳርጌ ባትሪ እንዳይበላ የስልኩ ፕሮሰሰር ቀስ ብሎ እንዲሠራ አደረገው፤ ኢንተርኔቱንም ዘጋው። «ከመደወልና ከመቀበል በቀር ሌላውን ሁሉ አስተኝቼዋለሁ፣ እማማ። አሁን ሳምንት ይቆይልዎታል።»

እውነትም ቆየ። ስልኩን መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣ ተኛች፤ ሸጉጣ አረመች፤ አንድም ቀን አልጮኸም። ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ቅዳሜ ተመልሳ መጣች።

«ባትሪውስ አላለቀም፣ ተባረክ። ግን ድምፁ ተበላሽቶ ይሆን?»

አንዳርጌ ሊፈትሸው ኢንተርኔቱን ሲከፍት ስልኩ ደጋግሞ ጮኸ። የሽባባው የድምፅ መልእክቶች ነበሩ። የመጨረሻውን ከፈተላት።

«እምዬ፣ እዚህ በኢንተርኔት ካልሆነ መደወል አልችልም። ስደውል አታነሺም፤ ተቀየምሽኝ እንዴ? ጀልባው ነገ ጠዋት ይነሳል፤ እኔ ግን ፈራሁ። አትሂድ ካልሽኝ እቀራለሁ። አንዲት ቃል ላኪልኝ፤ እስኪነጋ እጠብቃለሁ።»

«ቅር በለው!» አለች ክንዱን ይዛ። «እናትህ አትሂድ አለች በለው!»

አንዳርጌ መልእክቱ የተላከበትን ቀን አየ። አሥራ ስድስት ቀን ሆኖታል።

«ምን ትጠብቃለህ ልጄ?» አለችው። «ባትሪ እንደሆነ አለው!»