የተገደፈችው ቃል

የቡታጅራ መስጊድ ሽማግሌዎች በወረራው ዘመን ጣሊያን የሰጣቸውን የታተመ ቁርኣን ሟቹ ሸህ በእጃቸው ከጻፉት ጋር ሲያስተያዩ፣ የታተመው በአንዲት ቃል በልጦ ተገኘ።

"ጣሊያኖቹ ጨምረውበት ነው! ከመስጊዳችን ይውጣ!" አሉ አንጋፋው ሽማግሌ። "የሸሁ ልጅ በቃሏ ታውቀዋለች፤ እሷም ትመስክር።"

ዓይነ ስውሯ የሸሁ ልጅ ዘይባ አባቷ የጻፉትን ገጽ ዳበሰች፤ ወረቀቱ እንደ ድሮው ሻካራ ነበር። በልጅነቷ አባቷ ቁርኣን በቃሏ ሲያስቀሯት፣ ቃል በገደፈች ቁጥር ጉልበቷን በጣታቸው መታ ያደርጉ ነበር። ምነው ያ ጣት ተመልሶ በመጣ! አንቀጹን ድምጿን ከፍ አድርጋ ቀራች፤ ያቺንም ቃል ሳትዘል በቦታዋ አለቻት።

ሽማግሌው ክው አሉ። "ታዲያ አባትሽ?"

"አባቴ ሲጽፉ ገደፉ፤ ሲያስቀሩኝ ግን አልገደፉም" አለች። ከዚያም የአባቷን ገጽ፣ እሳቸው ጉልበቷን ያደርጉት እንደነበረው፣ በጣቷ ቀስ ብላ መታ አደረገችው።