ቀርፋፋው መስታወት

ያ የጥንት ፎቅ ቤት ነገ ሊፈርስ ነው። ፎቶ አንሺው ባለ ሦስት እግር ካሜራውን ከደጃፉ ፊት ለፊት ተከለ፤ በፊልም ፈንታ፣ በገዛ እጁ የፎቶ መድኃኒት የቀባውን መስታወት ከተተበትና የሌንሱን ክዳን አነሳ። መስታወቱ ቀርፋፋ ነው፤ ክዳኑ ሳይመለስ ምስሉን እስኪይዝ ሩብ ሰዓት ይፈጃል።

ክዳኑን በእጁ እንደያዘ፣ የቤቱ ወራሾች የሆኑ ሁለት ወንድማማቾች እየተሰዳደቡ ከበሩ ወጡ።

«የአባታችንን ቤት ሸጥክብኝ!» አለ ታናሹ፣ ስንሻው።

ታላቅየው ሳቀበት። ያቺ ሳቅ ናት የገደለችው። ስንሻው ለማፍረሻ ከተከመረው መሣሪያ ዶማ አንስቶ አናቱን አለው፤ ሲወድቅም ደገመው። ደሙ በድንጋዩ ደረጃ ቁልቁል ወረደ።

ስንሻው ካሜራውን ያየው ያን ጊዜ ነው።

«አንተ! አነሳኸኝ እንዴ?» ዶማውን እንደጨበጠ መጣበት።

«ማርያምን፣ ጌታዬ! ይቺ መስታወት የሚንቀሳቀስ ሰው አትይዝም። እርግት ያለ ነገር ብቻ ነው የምትይዘው፤ ግንቡን፣ በሩን...»

ስንሻው አፍጥጦ አየው፤ አመነው። ተመልሶ ከወንድሙ ሬሳ አጠገብ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ ዶማውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ፊቱን ወደ ካሜራው እንዳዞረ ደርቆ ቀረ።

ፎቶ አንሺው ክዳኑን አልመለሰም።